ተቀበል! የቡጢኛን ሕይወት ለየትኛው ዳይሬክተር?

ልጅ ሳለሁ ደምበጫ ላይ ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ርዕስ። የቡጢ ፊልም በታየ ቀን ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አስፋልት ዳር ዳሩን ወደየቤታችን ስንመለስ ሁላችንም አየር እየደበደብን ነበር። የተዋናዩን ስም የማያውቅ ልጅ አልነበረም። የዳይሬክተሩን ስም የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም፤ የስም ዝርዝሩ ሲመጣ ባለ ቪዲዮ ቤቱ ካሴቱን ያሮጠዋል፣ እኛም ደስ ይለናል። ዛሬ የሚያሳስበኝ ያ በሩጫ የታለፈ ስም ነው።

የሚያሳስበኝም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 ባሉት ዓመታት የቡጢኞች ሕይወት አንዱ ሌላውን እየተከተለ ወደ ሲኒማ መጥቷል። የጆርጅ ፎርማንን ታሪክ ጆርጅ ቲልማን ጁኒየር ሠራው። የክላሬሳ ሺልድስን ሬቸል ሞሪሰን፣ የክሪስቲ ማርቲንን ዴቪድ ሚሾ፣ ከየመናውያን ወላጆች ሼፊልድ ውስጥ የተወለደውን የናሲም ሐመድን ደግሞ ሮዋን አታሌ ሠሩት። ወሬው ግን ሁልጊዜ ስለ ተዋናዩ ነው፤ ስንት ኪሎ ጨመረ፣ ስንት ወር ሰለጠነ፣ አፍንጫውን በሜካፕ እንዴት አጎበጡት ይባላል። የእኔ ሙግት የሕይወት ታሪክ ፊልም የሚሰምረውም የሚበላሸውም ዳይሬክተሩ በተመረጠ ቀን ነው የሚል ነው። ያ ሰው በፓስፖርቱ ሊመረጥ አይገባም፤ በስሙ ግዝፈትም፣ ስፖርቱን በመውደዱም። መመዘኛው የሌላን ሰው ሕይወት መቀበል መቻሉ ነው።

መቀበል ያልኩት በአዝማሪ ቋንቋ ነው። እኛ ዘንድ ሰርግ ቤት ወይም ጠጅ ቤት የተቀመጠ ሰው ግጥም ሲመጣለት «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ የተሰጠውን ቃል በራሱ ድምፅ ይመልሰዋል። ግጥሙ የሰጪው ነው፤ ዜማው የአዝማሪው። ጎበዝ አዝማሪ ቃሉን ሳይነካ ሰጪው ራሱ ያላስተዋለውን ትርጉም ከውስጡ ጎትቶ ያወጣል። ያልበሰለው ወይ እንደ ደብዳቤ ያነበንበዋል፣ ወይ የለመደውን ዘፈን ያስገባበታል። ያየኋቸው የከሸፉ የሕይወት ታሪክ ፊልሞች ሁሉ ከሁለቱ በአንደኛው ጉድጓድ የገቡ ናቸው።

የመጀመሪያው ምስክሬ ለስፖርት ፍቅር ያልነበረው ሰው ነው። ሮበርት ዴኒሮ የቡጢኛውን የጄክ ላሞታን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ይዞ ማርቲን ስኮርሴዚ ዘንድ ሲሄድ ስኮርሴዚ እምቢ አለ። ቡጢ አያውቅም፣ ሊያውቅም አልፈለገም። ዴኒሮ ዓመታት ተመላለሰበት። በ1978 ዳይሬክተሩ በጠና ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንደገና መጣ፤ ስኮርሴዚ ራሱን በራሱ የሚያፈርሰውን ቡጢኛ ከገዛ ሕይወቱ ጋር ያገናኘው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ቡጢ ሊያይ ገባ። በዓይኑ ይዞት የወጣው በደም የራሰውን ስፖንጅና ከሪንጉ ገመድ የሚንጠባጠበውን ደም ነበር። የቡጢ ወዳጅ ቢሆን ኖሮ ነጥብ ይቆጥር ነበር፤ ገመዱን ማን ያየዋል? በ1980 የወጣው «ሬጂንግ ቡል» ካሜራውን ከሪንጉ ውጭ ከተመልካቹ ጋር አላስቀመጠውም፤ ገመዱን አሻግሮ ከተፋላሚዎቹ ጋር አስገባው። ሪንጉ ራሱ እንደ ላሞታ መንፈስ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል። ዴኒሮ የጨመረው 27 ኪሎ ገደማ እስከ ዛሬ ይወራለታል። ለዚያ ኪሎ ትርጉም የሰጠለት ግን እምቢ ሲል የኖረው ሰው ነው።

እኛን በቀጥታ የሚነካው ምስክር ግን ቶኪዮ ላይ ነው ያለው። ጃፓን ለ1964ቱ ኦሎምፒክ ፊልም መጀመሪያ ያሰበችው ታላቁን ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋን ነበር። ኩሮሳዋ ለዝግጅት ብሎ በ1960 የሮሙን ኦሎምፒክ ሄዶ ተመልክቷል፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈበትን ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነበር፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። በኋላ ኩሮሳዋና አዘጋጆቹ በበጀትና በሥልጣን ሳይስማሙ ቀሩና ሥራው ለኮን ኢቺካዋ ተሰጠ። ኢቺካዋም እንደ ስኮርሴዚ የስፖርት ሰው አልነበረም።

ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣውን «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» የማራቶን ክፍል ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና 40 ቀን ገደማ የሆነው አበበ ከሁሉም ቀድሞ ይሮጣል። ኢቺካዋ ፊቱ ላይ ይቆያል። እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ፊት ብቻ ይቀራል። ከዚያ ካሜራው ወደ ኋላ ተመልሶ ውሃ የሚሻሙትን፣ እግራቸው የተላላጠውን፣ መንገድ ዳር የተቀመጡትን ያሳየናል። አበበ አንድ ቃል ሳይናገር ከእነዚያ ሁሉ የተለየ ሰው ሆኖ ይገባናል፤ ድካሙን የሚደብቅ ሳይሆን ድካሙን የሚያስተዳድር ሰው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የገባበት 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በየመዝገቡ አለ። ያ ፊት ያለው ግን ኢቺካዋ ዘንድ ነው። ፊልሙ ሲጠናቀቅ አንዳንድ የጃፓን ባለሥልጣናት ከመዝገብነት ይልቅ ኪነ ጥበብ ሆነብን ብለው ቅር ተሰኙ። እነሱ የፈለጉት ማን ስንተኛ ወጣ የሚለውን ነበር። የጃፓን ሕዝብ ግን ወደ ሲኒማ ቤቶቹ ጎረፈ።

አንድ ጃፓናዊ፣ ያውም ሩጫ የማያውቅ፣ የአበበን ፊት ከብዙዎቻችን በላይ ተቀብሎታል። ይህን ሳስብ እንደ ኢትዮጵያዊ ትንሽ ይከነክነኛል፤ እውነቱ ግን እውነት ነው።

«እንግዲያው የውጭ ሰው ይሻላል» የሚል ካለ ግን ቸኩሏል። አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ በአደባባይ ተጨቃጭቀውበታል። የጥቁሮች መብት ታጋዩን የማልኮም ኤክስን ፊልም ለመሥራት ታስቦ የነበረው ካናዳዊው ነጭ ዳይሬክተር ኖርማን ጁዊሰን ነበር። ጥቁሩ ዳይሬክተር ስፓይክ ሊ ይህ ታሪክ በጥቁር ዳይሬክተር እጅ መግባት አለበት ብሎ ተነሣ፣ ጁዊሰን ለቀቀለት፣ ፊልሙ በ1992 በስፓይክ ሊ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ያው ጁዊሰን ማልኮምን የተጫወተውን ዴንዘል ዋሽንግተንን ይዞ የሌላ ጥቁር ሰው ታሪክ ሠራ፤ በኋላ በተሻረ የግድያ ፍርድ 19 ዓመት ያህል የታሰረው የቡጢኛው የሩቢን ካርተር። «ዘ ሀሪኬን» በ1999 ሲወጣ የእስር ቤቱ ክፍል ልብ ይነካ ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከሪንጉ ነው። በ1964 ካርተርን በነጥብ ያሸነፈው ጆይ ጃርዴሎ በፊልሙ ውስጥ በዘረኛ ዳኞች ድል የተሰጠው ሰው ሆኖ ቀረበ። ጃርዴሎ በሕይወት ነበርና ከሰሰ፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ይህ ከዘር ክርክሩ የበለጠ ያስተምረኛል። ቡጢ የሁለት ሰው ሥራ ነው። የአንዱን ሕይወት የተቀበለ ዳይሬክተር ማዶ ጥግ ላይ የቆመውን ሰው ሕይወት ለድምቀት ብሎ መቀማት የለበትም።

የመሐመድ አሊ ፊልም ላይም ያው ክርክር ተመለሰ። መጀመሪያ ባሪ ሶነንፌልድ ተይዞ ነበር፣ ወጣ። ስፓይክ ሊ ፈለገው፣ አላገኘውም። ማይክል ማን በ2001 ሠራው፤ ወጪው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፣ ገቢው አልሸፈነውም። ፊልሙ ከ1964 እስከ 1974 ያሉትን ዐሥር ዓመታት ሁሉ ሊያቅፍ ሲል እጁ የሚላላበት ቦታ ብዙ ነው። አንድ ቦታ ግን አለ። አሊ ኪንሻሳ ውስጥ (የተቀረጸው ማፑቶ ነው) እየሮጠ ሳለ ሕፃናት ይከተሉታል፤ ግድግዳ ላይ የተሣለውን የራሱን ምስል ያይና ይቆማል። በምላሱ ዓለምን ያስደመመው ሰው ዝም ይላል። ማይክል ማን በዚያ ትዕይንት አሊን ተቀብሎታል። ለአሊ ከአሊ የቀረበ ማን አለ የሚል ቢኖር ደግሞ በ1977 «ዘ ግሬተስት» ላይ አሊ ራሱን ሆኖ ተጫውቷል፤ ዛሬ ያንን ፊልም ስንቱ ያስታውሰዋል? ባለቤትነት ብቻውን ዜማ አይሆንም።

በቪዲዮ ቤታችን የሕንድ ፊልም ከሁሉም በላይ ይወደድ ነበርና የሜሪ ኮምን ነገር ዝም ብዬ አላልፈውም። በ2014 የዚህችን የሕንድ ማኒፑር ግዛት ቡጢኛ ሕይወት የሠራው ኦሙንግ ኩማር በዳይሬክተርነት የመጀመሪያ ሥራው ነበር። መሪ ተዋናይዋ ፕሪያንካ ቾፕራ የማኒፑር ሰው ባለመሆኗ ብዙ ወቀሳ ተነሣ፤ ዳይሬክተሩ እንዴት ተመረጠ ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ማኒፑር ውስጥ ደግሞ ታጣቂዎች የሂንዲ ፊልም ከከለከሉ ዓመታት አልፈው ስለነበር ሜሪ ኮም የተወለደችበት ሕዝብ የገዛ ልጁን ፊልም በአገሩ ሲኒማ ቤት አላየም።

ወደ አገራችን ልመለስ። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ ሁሉ በሩጫ የመጣ ነውና የእኛ «ቡጢኛ» ሯጩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» የኃይሌ ገብረሥላሴን ሕይወት ሲሠራ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ቴሬንስ ማሊክ ነበር። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ ሌስሊ ውድሄድ ሆነ። ኃይሌ ራሱን ተጫወተ፤ ልጅነቱን የቅርብ ዘመዱ የሆነ ልጅ ሠራው። ያ ምርጫ የዘጋቢ ፊልም ሰው ምርጫ ነው። የአርሲ ሜዳ፣ ደብተር በክንድ ይዞ የሚሮጥ ልጅ፣ ሩጫን የማይወድ አባት፣ እነዚህ ሁሉ ሳይኳኳሉ ገቡ። አትላንታ ላይ በ27 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ የሚያልቀውን 10 ሺህ ሜትር ስናይ ክንዱ ለምን ወደ ደረቱ እንደሚጠጋ እናውቃለን። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ኃይሌ ገና 20ዎቹ ውስጥ ነበር፤ ሕይወቱ አላለቀም፤ ፊልሙም ከድሉ ማዶ የሚያየው ነገር አልነበረውም።

ከድሉ ማዶ የሄደው «አትሌቱ» ነው። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ዳይሬክተሮቹ ሁለት ነበሩ፣ ኢትዮጵያዊው ራስ ሰላስ ላቀውና አሜሪካዊው ዴቪ ፍራንክል። ራስ ሰላስ አበበን ሆኖ ተጫወተ። በቀጣዩ ዓመት ኢትዮጵያ ለኦስካር የላከችው የመጀመሪያ ፊልም ሆነ። ሥራው ሁለት ዓይን ነበረው፤ አንዱ ከውስጥ የሚሰማ፣ ሌላው ከውጭ የሚያይ። ታሪኩ የሚያዘነብለው ወደ ሮምና ቶኪዮ አይደለም። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ቮልስዋገን መኪናው ተገልብጣ አበበ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ ወዳለው ሰው ነው የሚያዘነብለው፤ እንግሊዝ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል አልጋ ላይ ወዳለው፣ ቀስት መወርወር ወደሚማረው፣ ኖርዌይ በረዶ ላይ በተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ ወደሚያሸንፈው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ የሞተውን አበበ ብዙዎቻችን የምናውቀው በእግሩ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች በክንዱ አስተዋወቁን። ፊልሙ እንከን አልባ ነው አልልም፤ የድሮው የኦሎምፒክ ምስል በገባ ቁጥር አዲሱ ትወና ከጎኑ ይገረጣል፣ ከኢቺካዋ ፊት ጋር መወዳደር ቀላል አይደለምና። ምርጫቸው ግን ትክክል ነበር።

ከአሜሪካኖቹ የቅርብ ፊልሞች የሬቸል ሞሪሰንን የማስበልጠውም ለዚሁ ነው። ሞሪሰን በሲኒማቶግራፊ ለኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ በዳይሬክተርነት ግን ጀማሪ ነበረች። «ዘ ፋየር ኢንሳይድ» ውስጥ ክላሬሳ ሺልድስ በ17 ዓመቷ ለንደን ላይ ወርቅ ስትወስድ ፊልሙ አያልቅም። ወደ ፍሊንት ትመለሳለች፣ ስፖንሰር አይመጣም፣ ቤቱ ያው ነው፣ ሜዳሊያው ዳቦ አይገዛም። ይህን ታሪክ አገራችን ውስጥ የማያውቅ የአትሌት ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

ስለ መቀበል ስናወራ «ድፍረት»ን መዝለል አይቻልም። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ፣ አንጀሊና ጆሊ ስሟን አኖረችበት። አዲስ አበባ ላይ በሚመረቅበት ምሽት ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋረጠ፤ ታሪኩ የእሷ የሆነው ሴት ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ ነበርና። በኋላ እገዳው ተነሣ። ዳይሬክተሩ የአገር ልጅ ነው፣ ቋንቋው አማርኛ ነው፣ ዓላማውም መልካም ነው። አዝማሪ ግን «ተቀበል» ሳይባል የሰው ግጥም አይወስድም።

አንድ የሰፈሬን ነገር ልጨምር። በየካቲት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ለቆ ወደ ደምበጫ የሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦር እዚሁ አቅራቢያችን መንገዱ ላይ ከነበረው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተጋጥሟል። ከወር በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ አቅጣጫ አልፈው ደብረ ማርቆስ ገቡ። ይህን ውጊያ እኔ በዝርዝር ያነበብኩት እንግሊዛውያን መኮንኖች ከጻፉት ነው። በእነሱ ገጽ ላይ አዛዣቸው ኮሎኔል ዊንጌት ሙሉ ሰው ነው፤ ጢሙ፣ ቁጣው፣ ሐሳቡ ሁሉ አለ። ያገሬ ሰው ግን በጥቅሉ «ሻለቃው» ወይም «አርበኞቹ» ነው። ዋሽተው አይደለም፤ ያዩትን ጻፉ፣ ያዩትም ከኮርቻቸው ላይ ሆነው ነው። ነገ አንድ ፕሮዲዩሰር ያን ቀን ፊልም ላድርገው ቢል በድርሰቱ ላይ ከሚያወጣው ገንዘብ በፊት መወሰን ያለበት ካሜራው በማን ትከሻ ከፍታ እንደሚቆም ነው።

አገራችን ውስጥ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የማይነሣበት ምክንያት አለ። ደራሲው፣ ፕሮዲዩሰሩና ዳይሬክተሩ አንድ ሰው የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል። ገንዘብ ሲጠፋ አንድ ሰው ሁሉን ይሸከማል፣ ይህን አልነቅፍም። ለፍቅር ድራማና ለቀልድ ፊልም ይሠራ ይሆናል። ለሕይወት ታሪክ ግን አደገኛ ነው፤ ሐሳቡን ያመጣው ሰው ባለታሪኩን ስለሚያደንቅ ነው ያመጣው፣ አድናቂ ደግሞ ጥሩ ተቀባይ አይደለም። ያነበንባል። ፕሮዲዩሰሩ ራሱን ከወንበሩ አንሥቶ «ማን ይሻለዋል?» ብሎ መጠየቅ የሚችልበት አሠራር ያስፈልገናል፤ በጀቱ ትንሽም ቢሆን፣ ከውል መፈረም በፊት ጥቂት ሳምንት ለምርጫው ብቻ ቢሰጥ።

ለምን ይህን ያህል እንደምከራከር ልንገራችሁ። አበበ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛ ወርቁን ሲወስድ በዚያው ኦሎምፒክ የኢትዮጵያ ቡጢኞችም ሪንግ ገብተው ነበር። ሜዳሊያ አላመጡም። ኢቺካዋም ፊታቸው ላይ አልቆየም። ከእነሱ በኋላ በየክለቡ ጓንት ያጠለቁ ስንት ኢትዮጵያውያን ሽማግሌ ሆነው በየቤታቸው ተቀምጠዋል፤ ጆሮአቸው የደነደነ፣ አፍንጫቸው የጎበጠ፣ የልጅ ልጆቻቸው «አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» የሚሏቸው። ከእነዚህ የአንዱ ሕይወት ፊልም የሚሆንበት ቀን ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

ያን ቀን ዳይሬክተር ምረጥ ብባል የሥራ ዝርዝር አልጠይቅም። እጩዎቹን አንድ በአንድ ይዤ ወደ ሽማግሌው ቤት እሄዳለሁ። ቡና ይፈላል፣ ሰላምታው ይረዝማል። አንደኛው ገና ሳይቀመጥ «ትልቁ ፍልሚያዎ የትኛው ነበር?» ይላል፤ እሱን አመስግኜ እሸኘዋለሁ። ሌላኛው እጃቸውን ሲጨብጥ ጣቶቻቸው እንደማይታጠፉለት ያስተውላል፣ ሲኒውን እንዴት እንደሚይዙት ያያል፣ አይጠይቅም። ሽማግሌው ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ሟች ባለቤታቸው ያወራሉ። ከዚያ መካከል ላይ ያቆማሉ፤ ዓይናቸው ወደ በሩ ይሄዳል። ያ ሰው ሦስተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅ ከቻለ ውሉን አወጣለታለሁ።